ለባሌ ጉዞ ምን ዓይነት ቢላ ልያዝ?

ዲንሾ ሂያጅ | ጥቅምት 2፣ ምሽት 2፡10

ሰላም ቤተሰብ። በኅዳር አጋማሽ አራት ሆነን ባሌ ልንወጣ ነው። ከዲንሾ በእግር ተነስተን በወብ ሸለቆ አድርገን ወደ ሳነቴ፣ ከዚያ ቁልቁል ወደ ሐረና ጫካ፣ እስከ ሪራ። አምስት ሌሊት በድንኳን። መንገድ መሪ አለን። ጓዝ የሚሸከም ፈረስም አለ።

ድንኳኑ ተገኝቷል። የመኝታ ከረጢት ተበድረናል። ጫማ ገዝቼ እያለማመድኩት ነው። የቀረኝ ቢላ ነው። ቅዳሜ መርካቶ ስዞር አንዱ ዓይኔን ሳበው። ክንድ የሚያህል፣ ጥቁር፣ ጀርባው እንደ መጋዝ ጥርስ ያወጣ። እጀታው ውስጡ ክፍት ነው፤ ክዳኑ ላይ ኮምፓስ ተለጥፏል፣ ውስጡ መርፌ፣ ክርና ክብሪት አለ። ሻጩ «ይሄን ከያዝክ ጫካ ውስጥ ወር ትኖራለህ» አለኝ። እጄ ኪሴ ገብቶ ነበር። ጓደኛዬ ጎትቶ አወጣኝና «መጀመሪያ የሚያውቅ ጠይቅ» አለኝ። ይኸው ጠየቅኩ።

የሚስቴ ወንድም በጥቅምት መጨረሻ ከአሜሪካ ይመጣል። የምለውን ያመጣልኛል።

ቀልቃላው | ጥቅምት 2፣ ምሽት 2፡31

ወር ትኖራለህ ያለህ ሻጭ እሱ ስንት ቀን ኖሮ አየው?

የባለእጅ ልጅ | ጥቅምት 2፣ ምሽት 3፡05

ጓደኛህን ምሳ ጋብዘው። ከኪሳራ አድኖሃል።

የዚያ ቢላ ችግር እጀታው ነው። እጀታው ክፍት የሆነው ብረቱ እዚያ ውስጥ ስለማይገባ ነው። ስለቱ እጀታው አፍ ላይ ያልቃል። በአንድ ብሎን ወይም በሙጫ ተይዟል። ሽንኩርት ስትቆርጥበት ምንም አይልህም። እንጨት ልትሰነጥቅ አንድ ጊዜ ስትመታው ግን ስለቱ ወደ አንድ በኩል፣ እጀታው ወደ ሌላ በኩል ነው። ያውም ስለቱ ወዴት እንደሚሄድ አታውቅም።

የመጋዝ ጥርሱም ለዓይን ነው። እንጨት ውስጥ ሁለት ጊዜ ሄዶ ይነክስና ይቆማል። ከዚያ በላይ ደግሞ የቢላን ጀርባ ያበላሻል። ጀርባ ትልቅ ሥራ አለው። ስታለዝብ አውራ ጣትህን የምታሳርፈው እዚያ ላይ ነው። እንጨት ስትሰነጥቅ በዱላ የምትመታው እሱን ነው። ፌሮ ሮድ የሚሉት፣ ሲፋቅ የእሳት ፍንጣሪ የሚተፋ ዘንግ ካለህም የምትፍቅበት እሱ ነው። ለዚያ ጀርባው ለጥ ያለ፣ ማዕዘኑ ያልተድበለበለ መሆን አለበት።

ኮምፓሱንማ ተወው። ራሱን የቻለ ኮምፓስ ግዛ።

ጋሽ ቶፖ | ጥቅምት 2፣ ምሽት 3፡40

ልጆቼ፣ ትልቅ ቢላን እንዲህ አታጣጥሉት። በ1970ዎቹ ጋምቤላ ለካርታ ሥራ ስንሰማራ ሣሩ ከሰው ቁመት ይበልጥ ነበር። ሰንጢ ይዘህ እዚያ ውስጥ ብትገባ ወጥተህ አትታይም። እኛን ያወጣን ገጀራ ነው። መንገድ ይጠርጋል፣ ካስማ ያሾላል፣ ጭራሮ ይቆራርጣል። እኔ እስከ ዛሬ መኪናዬ ውስጥ አንድ አለኝ። ባለቤቴ ደጋግማ አውጣው ብላኛለች።

የባለእጅ ልጅ | ጥቅምት 2፣ ምሽት 3፡58

ጋሼ፣ በገጀራ አልከራከርዎትም። እርስዎ የሚሉት ግን ቀጭንና ረጅም ነው፤ ክንድ ሳያደክም ይወነጨፋል፣ ሣርና ለጋ ቅርንጫፍ ያጭዳል። ይሄ የመርካቶው ወፍራም ነው፣ ግን አጭር። እንደ ገጀራ አይመታ፣ እንደ ቢላ አይቆርጥ። በሁለቱ መካከል ቀርቷል።

ጋሽ ቶፖ | ጥቅምት 2፣ ምሽት 4፡02

እሱስ እውነትህን ነው።

ሐረና ቡና | ጥቅምት 3፣ ጠዋት 1፡20

እኔ እዚያው ነኝ፣ እንግዳ ይዤ እወጣለሁ። አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ። ሳነቴ ላይ ምን ልትቆርጥ ነው?

ሳነቴ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ከፍተኛው ጫፉ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር። እዚያ ዛፍ የለም። ጅብራ፣ ድንጋይ፣ አጭር ቁጥቋጦና ቀይ ቀበሮ ነው ያለው። በኅዳር ሰማዩ ይጠራል፣ ሌሊት ውኃ ይረጋል። ጠዋት ጀሪካኑን ስታነቃንቀው በረዶ ሲንኳኳ ትሰማለህ። እዚያ ላይ ሕይወትህን የሚያተርፈው ልብስና የመኝታ ከረጢት ነው፤ የተበደርከው ከረጢት ከዜሮ ዲግሪ በታች ለሆነ ብርድ የሚሆን መሆኑን አረጋግጥ። ሰው ጃኬት ሳይዝ፣ ወገቡ ላይ ጎራዴ የሚያህል ቢላ ታጥቆ ሲመጣ ስንቴ አይቻለሁ። ማታ የኔን ጋቢ ለብሶ ያድራል።

ደግሞም ፓርክ ነው። እርጥብ ዛፍ መቁረጥ ክልክል ነው። እሳት የሚነደው በተፈቀደ ቦታ ብቻ ነው። ምግብ የምታበስለው በጋዝ ምድጃ ነው።

እውነተኛውን የቢላ ሥራ ልንገርህ። በአምስት ቀን ውስጥ ሽንኩርትና ሥጋ ትከትፋለህ። ገመድ ትቆርጣለህ፤ የጭነት ገመድ ሁልጊዜ ይረዝማል ወይ ይጠላለፋል። የተረከዝህን ፕላስተር ትቆርጣለህ። የፓስታ ላስቲክ ትከፍታለህ። የተሰበረ ካስማ ታሾላለህ። ለዚህ ሁሉ የመዳፍህን ወርድ የሚያህል ስለት ይበቃል።

ሐረና ስትወርድ ነገሩ ይለወጣል። ጫካው ራሱ ዝናብ ነው። ኮሶው ዛፍ ላይ ሽበት የሚመስል ነገር ተንጠልጥሎ ታየዋለህ፤ ምን ያህል እርጥበት እንዳለ ከሱ ገምት። አንድ ሌሊት ከደመና ጋር ተፋጠን፣ ሁለት እንግዶች እስከ አጥንታቸው በስብሰው፣ የጋዙ አንገት ተበላሽቶ ቀረን። መሬት የወደቀው እንጨት ሁሉ ስፖንጅ ነበር። የጫካው ልጅ ምን አደረገ መሰላችሁ? ቆሞ የደረቀ፣ ክንድ የሚሞላ እንጨት ፈለገ። ቢላውን ጫፉ ላይ አሳርፎ ጀርባውን በዱላ እየመታ አራት ላይ ሰነጠቀው። ውጪው ውኃ፣ ውስጡ ደረቅ። ከዚያ ደረቁን ሳይቆርጥ እየላገ እንደ ሕፃን ጸጉር የተጠቀለለ ፍቅፋቂ አወጣበት። በአንድ ክብሪት ያዘ። ቢላ ሰው አዳነ ከተባለ እንግዲህ እሱን ነው ያየሁት። ቢላው ደግሞ ከጣቱ ብዙም አይረዝምም ነበር።

አውሮራ ማዶ | ጥቅምት 3፣ ቀን 11፡45

ኮሎራዶ ነኝ፣ እዚህ ተራራ በተራራ ነው። ለአማችህ ቀላል ትእዛዝ ስጠው፦ ሞራ ኮምፓኒየን። ስዊድን ውስጥ ሞራ በምትባል ከተማ አካባቢ ነው የሚሠራው። ስለቱ 10 ሴንቲ ሜትር ከምናምን፣ ውፍረቱ 2.5 ሚሊ ሜትር። አፎቱ ፕላስቲክ ነው፤ ቆንጆ አይደለም፣ ውኃ ግን አይዝም። ከ20 እስከ 30 ዶላር ባለው ያገኘዋል።

ብርቱካናማውን እጀታ ይምረጥ። እኔ የመጀመሪያዬን ያጣሁት አረንጓዴ ስለነበር ነው። ሣር ላይ አስቀምጬው ሽንት ልሸና ዞር አልኩ። ስመለስ የለም። ግማሽ ሰዓት ተንበርክኬ ፈለግኩት፣ እስከ ዛሬ እዚያው ነው።

ስለቱ ሲሳል ቀላል ነው። ከሁለት ወገን ሰፊ ጠፍጣፋ ሆኖ ወርዶ ጠርዙ ላይ ይገናኛል። ስትስል ማዕዘን መገመት የለም። ያንን ጠፍጣፋ ድንጋዩ ላይ ማሳረፍና መግፋት ብቻ ነው። ለጀማሪ ከዚህ የሚሻል የለም።

አንድ ነገር፦ አማችህ በእጅ ሻንጣ እንዳይዘው። ተጠቅልሎ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ።

ብሎንና ችካል | ጥቅምት 3፣ ምሽት 1፡15

ሞራ ኮምፓኒየን ብረቱ እስከ እጀታው ጫፍ አይደርስም እኮ! ፕላስቲኩ ውስጥ ገብቶ መንገድ ላይ ያልቃል። ከላይ መርካቶውን በዚህ ኮነናችሁት፣ አሁን ይኸንኑ ታሞግሳላችሁ። የሕይወትና የሞት ጉዳይ ከሆነ ብረቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ወጥ መሆን አለበት። ከዚያው ከሞራ ጋርበርግ የሚባለውን ውሰድ። ስለቱ 10.9፣ ውፍረቱ 3.2 ሚሊ ሜትር፣ ብረቱ እጀታውን አልፎ ጫፉ ላይ ይታያል።

አውሮራ ማዶ | ጥቅምት 3፣ ምሽት 1፡40

አይመሳሰሉም ወንድሜ። አንደኛው ባዶ ቧንቧ ላይ የተጣበቀ ነው። ሌላው ፕላስቲኩ ብረቱን ዙሪያውን ቀልጦ ይዞታል። በኔ ስምንት ዓመት ሆኖታል፣ የእጅ አንጓ የሚያህል ጥድ ሰንጥቄበታለሁ። ጋርበርግ ይሻላል ካልከኝ አዎ ይሻላል። ዋጋው ግን ብዙ እጥፍ ነው። ሰውየው የሚሄደው ለአምስት ሌሊት፣ ከፈረስ ጋር ነው።

ብሎንና ችካል | ጥቅምት 3፣ ምሽት 1፡52

ፈረሱ ቢጠፋስ?

ቀልቃላው | ጥቅምት 3፣ ምሽት 1፡53

ፈረሱ ከጠፋ ፈረሱን ይፈልግ፣ ቢላ ምን ያደርግለታል።

የባለእጅ ልጅ | ጥቅምት 4፣ ምሽት 2፡30

እስከ ዛሬ ዝም ያልኩት ሥራ ስለነበረብኝ ነው። ሁላችሁም ከውጭ ታስመጣላችሁ። እዚሁ አገር የሚሠራውን ማንም አላነሳም።

አባቴ ብረት ቀጥቃጭ ነበር። ማረሻ፣ ማጭድ፣ መጥረቢያ። ወናፍ እየነፋሁ ነው ያደግኩት። ጥሩ ቢላ የሚወጣው ከባሌስትራ ነው። የመኪና ባሌስትራ ወደ 0.6 በመቶ ካርቦንና ትንሽ ክሮሚየም ያለው ብረት ነው፤ በዓለም ላይ ያሉ ቢላ ሠሪዎች 5160 ብለው በገንዘብ የሚገዙት ዓይነት። ድንጋጤ ይችላል። ተመትቶ ቶሎ አይሰበርም። የተሠራው ጉድጓድ ለጉድጓድ ሲዘል ለሚውል የጭነት መኪና ነዋ።

ብረቱ ጥሩ ነው ማለት ግን ቢላው ጥሩ ነው ማለት አይደለም። ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው ቢላ በግራይንደር ተቆርጦ፣ ተሞርዶ፣ እጀታ ተገጥሞለት የተሸጠ ነው። እሳቱን አላየም፤ ወይ አይቶ ከልክ በላይ ተቃጥሏል። የመጀመሪያው ቀን ጸጉር ይላጫል። በሦስተኛው ቀን ዶልዱም ነው።

ትክክለኛው እንዲህ ነው። ቅርጹ ከወጣ በኋላ ስለቱ እስኪግም ይጋላል። ማግኔት ታስጠጋለህ። ማግኔቱ መያዝ እንዳቆመና ትንሽ እንዳለፈ ዘይት ውስጥ ይነከራል። ውኃ አይደለም፣ ዘይት። ውኃ ይሄን ብረት ሊሰነጥቀው ይችላል። አሁን ብረቱ ጠንክሯል፣ ግን እንደ ሸክላ ነው፤ ከእጅህ ቢወድቅ ሊሰበር ይችላል። ስለዚህ እንደገና በዝግታ ይሞቃል፤ ምድጃ ካለ በ200 ዲግሪ አካባቢ አንድ ሁለት ሰዓት። አባቴ ምድጃ አልነበረውም። የጋመ ወፍራም ብረት የቢላው ጀርባ ላይ ያስደግፍና ቀለሙን ያያል። ቀለሙ ከጀርባ ወደ ስለት ይሄዳል። ስለቱ የገለባ ቀለም ሲያወጣ ያቆመዋል። ካለፈና ሰማያዊ ከሆነ ወደ ባሌስትራነቱ ተመለሰ ማለት ነው፣ ይተጣጠፋል እንጂ ስለት አይዝም። ይቺን ቀለም ለማየት በሩን ዘግቶ ነበር የሚሠራው። በፀሐይ ብርሃን ዓይን ይሸወዳል።

ለባለሙያ ስታዝ እንግዲህ እንዲህ በል። ስለቱ 10 ሴንቲ ሜትር። ውፍረቱ ጀርባው ላይ 3 ሚሊ፣ ቢበዛ 4። ባሌስትራው ራሱ ከዚያ እጥፍ ይወፍራል፤ ቀጥቅጦ ካላሳሳው ፍልጥ እንጂ ቢላ አታገኝም። ብረቱ እስከ እጀታው መጨረሻ ይዝለቅ፣ ከወይራ የተሠራ እጀታ በሁለት ሪቬት ይያዝ። የተሰነጠቀ አሮጌ ባሌስትራ እንዳይሆን አብረህ ምረጥ። «በምን ትነክረዋለህ? ከነከርክ በኋላ ታሞቀዋለህ?» ብለህ ጠይቅ። ካልመለሰልህ ሌላ ዘንድ ሂድ። ስትረከብ ሞረድ ስለቱ ላይ በእርጋታ አስኪድ። እንደ ቅቤ ከነከሰው ለስላሳ ነው። ሊንሸራተት ከቀረበና በጭንቅ ከያዘው ውሰደው።

እቴጌ ሰፈር | ጥቅምት 4፣ ምሽት 2፡58

እንዲህ የሚያውቅ ሰው ነው እንግዲህ «ቡዳ» እየተባለ የሚሸሸው። ማረሻውን ከሱ ገዝተን፣ ቡናውን ከሱ ጋር አንጠጣም። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው የሚሰድብ እንዳይኖር አዋጅ አስነግረው ነበር። መቶ ዓመት አለፈው። ከርዕስ ወጣሁ መሰለኝ፣ ይቅርታ።

የባለእጅ ልጅ | ጥቅምት 4፣ ምሽት 3፡04

አልወጣሽም እህቴ። የመድረክ ስሜን ዝም ብዬ አላወጣሁትም።

ባልጩት | ጥቅምት 4፣ ምሽት 3፡20

ጎና፣ አፋር ውስጥ፣ 2.6 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረ የድንጋይ ስለት ተገኝቷል። ኮንሶ ውስጥ ደግሞ እስከ ቅርብ ጊዜ ቆዳ የሚፍቁ ሴቶች ድንጋዩን ራሳቸው እየፈለጡ፣ እንጨት እጀታ ላይ እየገጠሙ ይሠሩበት ነበር። ቢላው ከጠፋብህ ታች ያለውን ድንጋይ ተመልከት ለማለት ነው። አንድ ባልጩት ሌላ ድንጋይ ላይ ሰብረህ የሚወጣውን ስንጣሪ ብታየው ከመላጫ አያንስም። ዓይንህን ብቻ ጠብቅ።

ዲንሾ ሂያጅ | ጥቅምት 5፣ ጠዋት 12፡50

እናንተ ሰዎች እንቅልፍ የላችሁም እንዴ! ሁሉንም አነበብኩት። የመርካቶው ቀርቷል።

አንድ ነገር ግልጽ አልሆነልኝም። የማይዝግ ይሻላል ወይስ የሚዝግ? አማቼ «ሁለቱም አለ፣ የቱን?» አለኝ።

ሐረና ቡና | ጥቅምት 5፣ ጠዋት 1፡15

ለሐረና የማይዝግ። እዚያ ኪስህ ውስጥ ያለ ቁልፍም ይዝጋል።

የባለእጅ ልጅ | ጥቅምት 5፣ ጠዋት 2፡00

እኔ የካርቦኑን እወዳለሁ፤ በማንኛውም ድንጋይ ቶሎ ይሳላል። ግን ጠርጎ፣ ቅባት ቀብቶ የሚያስቀምጥ ሰው ይፈልጋል። አዲስ ሲሆን አቼቶ ነክሮ ትንሽ ካቆዩት ግራጫ ቀለም ያወጣል፣ ያ ቀለም ቀዩን ዝገት ጥቂት ይከላከላል። ሎሚ ቆርጠህበት ሳትጠርግ ካደርክ ጠዋት ታዝናለህ። የቆዳ አፎት ውስጥም አታሳድረው፣ ቆዳ እርጥበት ይይዛል። ሰነፍ ከሆንክ፣ አትቀየመኝ፣ የማይዝገውን።

የወይራ ጭስ | ጥቅምት 5፣ ቀን 7፡30

ስለ መሳል ማንም አላወራም። አባቴ ሥጋ ቤት ነበረው። ቆራጩ ካራውን አሥሬ ብረት ላይ ሲያፋጭ ታዩታላችሁ አይደል? ያ መሳል አይደለም፤ የተጣመመውን ጠርዝ ማቅናት ነው። መሳል ማታ በድንጋይ ነው።

ጉዞ ላይ ድንጋይ ካልያዝክ ሲኒ ገልብጥ። ቂጡ ላይ ያልተቀባ ሸካራ ቀለበት አለ። እሱ ላይ ስለቱን በትንሹ ቀና አድርገህ፣ ቀስ ብለህ፣ ከእጀታው ወደ ጫፉ ጎትት። በዚህኛው ጎን አሥር፣ በዚያኛው አሥር። ከዚያ ቀበቶህ ላይ ወደ ኋላ ሁለት ሦስቴ። ቲማቲም ሳትጫነው ከገባ በቃ።

መንገድ ዳር በግራይንደር ለሚስሉት ግን ጥሩ ቢላህን አትስጥ። ብልጭታው ደስ ይላል። ጠርዙ ሰማያዊ ሆኖ ከመጣ የባለእጅ ልጅ ከላይ ያለው ደርሶበታል።

ነጭ ጋዋን | ጥቅምት 5፣ ማታ 1፡10

ነርስ ነኝ። ጥቂት ልጨምር።

የማየው ቁስል ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። ግራ እጅ። የሚቆርጠውን በግራ ይዞ፣ ቢላውን ወደ ራሱ ሲጎትት። ሁለተኛው ጭን ነው። ተቀምጦ እንጨቱን ጭኑ ላይ አስደግፎ ሲያለዝብ ያመልጠዋል። በጭን ውስጠኛው በኩል ትልቅ የደም ሥር ያልፋል፤ እሱ ከተቆረጠ የምትቆጥረው ደቂቃ ነው። ክርኖችህን ጉልበትህ ላይ አሳርፈህ፣ ቢላው ከጉልበትህ ፊት ለፊት ወደ ውጪ ይሂድ። ክንድህን ዘርግተህ የምትደርስበት ቦታ ላይ ሰው አይቀመጥ።

ከተቆረጥክ ንጹሕ ጨርቅ አድርገህ በኃይል ተጫን። አሥር ደቂቃ፣ በሰዓት። «ቆመ ይሆን?» ብለህ አትግለጥ። ሁሉም ይገልጣል! በተገለጠ ቁጥር እንደገና ይጀምራል። ከሳነቴ ጎባ ለመውረድ መኪና እስክታገኝ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ የሐረናው ወንድማችን ያውቃል። ፋሻ ከቢላው በፊት ይገዛ።

ዶልዱም ቢላ ደግሞ ከስሉ ይበልጥ እጅ ይቆርጣል። ስለምትጫነው።

አውሮራ ማዶ | ጥቅምት 5፣ ማታ 4፡30

ዶልዱም ካላችሁ አይቀር፣ በ2003 ዩታ ውስጥ አሮን ራልስተን የሚባል ወጣት ጠባብ ገደል ውስጥ ቋጥኝ ቀኝ እጁን አጣብቆት ከአምስት ቀን በኋላ እጁን ራሱ ቆርጦ ወጣ። የያዘው ርካሽ ባለ ብዙ መሣሪያ መቆንጠጫ ነበር፣ ስለቱ አጭርና የደነዘ። አጥንቱን አይቆርጠውም ነበርና መጀመሪያ መስበር ነበረበት። እዚህ አገር ይሄ ታሪክ ከተነሳ ሁሉም የተሻለ ቢላ ስለመግዛት ያወራል። እኔ የማስበው ሌላውን ነው። የት እንደሚሄድ ለማንም ሳይናገር ነው የወጣው።

ዲንሾ ሂያጅ፣ የጉዞህን ቀንና መንገድ ለሚስትህ ጽፈህ ስጥ።

ለንደን ደመና | ጥቅምት 6፣ ቀን 9፡00

ከውጭ ለምታነቡ ብቻ፦ እዚህ እንግሊዝ አገር ያለ በቂ ምክንያት በአደባባይ መያዝ የሚቻለው ተጣጣፊ ሰንጢ ነው፣ ስለቱ ከ3 ኢንች ያልበለጠ፣ ሲከፈት የማይቆለፍ። ከላይ የተወራላቸው ሁሉ ከዚህ ውጪ ናቸው። ጀርመን ያለችው እህቴ ጋም ስለቱ ከ12 ሴንቲ ሜትር የበለጠ ቋሚ ቢላ ያለ ምክንያት ይዞ መዞር አይቻልም። ለካምፕ ስትሄዱ ቦርሳው ሥር ይታሸግ፣ ስትመለሱ ወዲያው ቤት ይግባ። መኪና ውስጥ ረስቼው ነበር ማለት ምክንያት አይሆንም።

ጋሽ ቶፖ | ጥቅምት 6፣ ቀን 9፡25

መኪና ውስጥ የሚለው እኔን ነው መሰለኝ።

ሐረና ቡና | ጥቅምት 6፣ ማታ 12፡40

አገር ውስጥም ያው ነው። መንገድ ላይ ፍተሻ አለ። ወገብህ ላይ ታጥቀህ አውቶቡስ አትሳፈር። ከድስቱና ከምድጃው ጋር አንድ ላይ እሰረው፣ ሲጠይቁህ የማብሰያ ዕቃ መሆኑ ይታያል። ባለፈው ዓመት አንድ እንግዳዬ አዲስ ቢላውን ኬላ ላይ ትቶ መጣ። ተመልሶም አላገኘው።

ዲንሾ ሂያጅ | ታኅሣሥ 1፣ ምሽት 2፡00

ተመልሰናል፣ ሁላችንም በሙሉ ጣት።

አማቼ ብርቱካናማውን ሞራ አመጣ፣ የማይዝገውን። የባለእጅ ልጅን ጽሑፍ ካነበብኩ በኋላ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። አንድ ባለሙያ ተጠቁሜ ሄድኩ። «ከነከርክ በኋላ ታሞቀዋለህ?» ስለው ቀና ብሎ አየኝና «አንተ የማን ልጅ ነህ?» አለኝ። ሠራልኝ። 10 ሴንቲ ሜትር፣ የወይራ እጀታ፣ የቆዳ አፎት ከነማንጠልጠያው። ሁለቱንም ይዤ ሄድኩ።

ሳነቴ ላይ ሐረና ቡና እንዳለው ነው፤ ከሽንኩርት ሌላ የቆረጥኩት የለም። ሌሊቱን ግን በዕድሜዬ አልረሳውም። ያለኝን ሁሉ ለብሼ ነው የተኛሁት።

ቢላው የተፈለገው አራተኛው ቀን ላይ፣ ወደ ሐረና ስንወርድ ነው። መንገዱ ጭቃ ነበር። ፈረሱ ተንሸራተተና የኋላ እግሩ የጭነቱ ገመድ ውስጥ ገባ። ጭነቱ ወደ ሆዱ ዞረ። ፈረሱ ደንግጦ ይራገጣል፣ ከጎኑ ገደል ነው። መንገድ መሪው «ቁረጠው!» ብሎ ጮኸ። ወገቤ ላይ የነበረው የባለሙያው ቢላ ነው። ገመዱ አውራ ጣት ይሞላል፣ እርጥብ ናይሎን። አንዴ ጎተትኩት፣ ለሁለት ሆነ። ጭነቱ ወረደ፣ ፈረሱ ቆመ፣ እኔ ተቀመጥኩ። እጄ ለሩብ ሰዓት ያህል ተንቀጠቀጠ። ከድስታችን አንዱ ገደል ገብቷል።

ብሎንና ችካል፣ ፈረሱ ቢጠፋስ ብለህ ነበር። ሊጠፋ ነበር።

ብሎንና ችካል | ታኅሣሥ 1፣ ምሽት 2፡09

ብያለሁ እኮ።

የባለእጅ ልጅ | ታኅሣሥ 1፣ ምሽት 2፡30

ፎቶ ለጥፍልን። የባለሙያውንም ስልክ ላክልኝ፣ እዚህ ሳይሆን በውስጥ መስመር። ላገኘው እፈልጋለሁ።

ዲንሾ ሂያጅ | ታኅሣሥ 1፣ ምሽት 2፡41

እልክልሃለሁ። ፎቶውን ግን ትንሽ ቆይ፣ አፍሬ ነው። ከዚያ በኋላ በድንጋጤ ሳልጠርገው አፎቱ ውስጥ ከተትኩት። ሁለት ቀን ዝናብ ነበር። ዛሬ ሳወጣው ጎኑ ላይ ቀይ ዝገት እንደ ኩፍኝ ወጥቶበታል። በምን ላስለቅቀው?

የወይራ ጭስ | ታኅሣሥ 1፣ ምሽት 2፡44

አመድና ሎሚ፣ በቡሽ እሽት አድርገህ። ከዚያ እጠበው፣ አድርቀው፣ ዘይት ቀባው። አፎቱንም ገልብጠህ አስጣው።

የባለእጅ ልጅ | ታኅሣሥ 1፣ ምሽት 2፡46

ሰነፍ ከሆንክ የማይዝገውን ብዬህ ነበር።